ማን ይቅደም?

ሽፋኑ የጠፋ፣ ወረቀቱ የደቻቱን አሸዋ መልክ የያዘ፣ ጠርዙን አይጥ ይሁን ዘመን የበላው አንድ ቀጭን መጽሐፍ አለኝ። መጽሐፍ ማለቱ እንኳ ሳይበዛበት አይቀርም። በፈረንሳይኛ የተጻፈ የሥዕል ታሪክ ነው፤ በየገጹ በመስመር የተከፋፈሉ ክፈፎች፣ በየክፈፉ ሰዎች፣ ከሰዎቹ አፍ የሚወጡ የቃላት ፊኛዎች ያሉበት፣ ወጣቶቻችን «ኮሚክ» የሚሉት ዓይነት። ባለፈው ግንቦት የድሬዳዋ ሙቀት እንቅልፍ በነሣኝ አንድ ሌሊት ከአባቴ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣሁትና ከአርባ ዓመት በኋላ እንደገና አነበብኩት። ሲነጋ ግን ያነበብኩት መጽሐፉን ብቻ እንዳልነበረ ገባኝ…

መጽሐፉ ወደ ቤታችን የመጣው በባቡር ነው። በዚያ ዘመን ድሬዳዋ ውስጥ በባቡር ያልመጣ ነገር ምን ነበረና! ከተማዋ ራሷ በባቡር የመጣች ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከብዶት በግርጌው ሲያልፍ፣ በ1895 ዓ.ም. ሜዳው ላይ ጣቢያ ተተከለ፤ ጣቢያው ከተማ ወለደ። የፈረንሳዮቹ ዘመን አልፎም ቋንቋቸው ከአፋችን አልወጣም። ለገሀር እንላለን፤ ፉርጎ እንላለን፤ ቢሮ እንላለን። ስንቱን ቃል ከባዕድ እንደተዋስነው ሳናውቅ የእናታችን ቋንቋ አድርገነው እንኖራለን።

አባቴ የባቡሩ ጥገና ክፍል ሠራተኛ ነበር። ሥራው ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። እጀታው ረጅም በሆነ መዶሻ የፉርጎዎቹን የብረት እግር እየመታ ድምፁን ያዳምጣል። ደህናው ብረት እንደ ደወል ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀው ደግሞ፣ ከላይ ምንም ሳይታይበት፣ እንደ ነቃ ገንቦ የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። «ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ቀለሙ ነው» ይል ነበር። የሶማሊያ ጦርነት ቆርጦት የቆየው መንገድ ተከፍቶ ባቡሩ ዳግም ወደ ጅቡቲ መመላለስ ከጀመረ በኋላ፣ በ1972 ዓ.ም. ይመስለኛል፣ አንድ የሥራ ጓደኛው ከዚያ ሲመለስ ይህን መጽሐፍ «ለልጅህ» ብሎ ሰጠው። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነበር።

ጊዜው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። እናቴ ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ፊደል ልትቆጥር ትሄዳለች። እኔና አባቴ ከዚራ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ፣ በዛፎቹ ሥር፣ ነፋስ እንዲመጣ እየለመንን እንቀመጣለን። አባቴ መጽሐፉን ይዘረጋና ያነብልኛል። አማርኛ አሳምሮ ያነባል፤ በልጅነቱ በትውልድ አገሩ በቡልጋ ዳዊት ደግሟል። ፈረንሳይኛም ከአለቆቹ ጋር ሲነጋገር ሰምቼዋለሁና መጽሐፉን ማንበቡ አንድም ቀን አልገረመኝም።

ብዙ ቆይቼ እንደተረዳሁት ታሪኩ መጀመሪያ በእንግሊዝኛ የወጣው «ባትማን» በተባለው መጽሔት ቁጥር 232፣ እ.ኤ.አ. በ1971 የሰኔ እትም ላይ ነው። ርዕሱ «የጋኔኑ ሴት ልጅ» ቢባል ይስማማዋል። ደራሲው ዴኒስ ኦኒል ጋዜጠኛ የነበረ ሰው ነው፤ ሠዓሊው ኒል አዳምስ ደግሞ ማስታወቂያ ሲሥል የቆየ፣ የሰውን ጡንቻና የጨርቅን እጥፋት እንደ ፎቶግራፍ የሚያውቅ። የሌሊት ወፍ ልብስ የሚለብሰው ባለ ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1939 ሲፈጠር ወንጀል መርማሪ ነበር፤ የወጣበት መጽሔትም «የመርማሪ ታሪኮች» እንደ ማለት ያለ ስም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1966 የጀመረው የቴሌቪዥን ተከታታይ ግን መሳቂያ አደረገው። ኦኒልና አዳምስ ወደ ሌሊቱና ወደ ምርመራው መለሱት። ሥራቸውም ለብዙ አንባቢ የዚህ ሰው ታሪክ ዳግም ልደት ሆኖ ይቆጠራል።

አባቴ ይህን ሁሉ አያውቅም። ለእሱ ባትማን «ባለ ካባው» ነው። ካባ የለበሰ ሰው ደግሞ በቡልጋ ሰው ዓይን ተራ ሰው አይደለም፤ ወይ ተሹሟል፣ ወይ ተድሯል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የባለ ካባው ረዳት የሆነው ወጣት ይጠለፋል። ጠላፊዎቹ የታሰረውን ልጅ ፎቶግራፍ ይልካሉ። ባለ ካባው በምሥጢር ዋሻው ውስጥ ሆኖ ሲጨነቅ አንድ ረጅም፣ ግርማው የሚያስፈራ ሽማግሌ ከግዙፍ አሽከሩ ጋር ድንገት ይገለጣል። «ማንነትህን በምርመራ ደርሼበታለሁ፤ የእኔም ሴት ልጅ ተጠልፋለች፤ አብረን እንፈልጋቸው» ይላል። ተያይዘው ሕንድ፣ ካልካታ ይወርዳሉ፤ ከዚያም በረዶ ወደ ለበሰው የሂማላያ ተራራ ይወጣሉ። በመጨረሻ ባለ ካባው እውነቱን ይገልጠዋል። ጠላፊው ያው ሽማግሌ ነው! ልጁንም ልጅቱንም የሰወረው እሱ ነው። ሴት ልጁ ባለ ካባውን ወድዳለች፤ ሽማግሌው ደግሞ አርጅቷል። መላው ጉዞ ወራሽ የሚሆነውን አማች ለመፈተን የተዘጋጀ ነበር።

የሽማግሌው ስም ራስ አል ጉል ነው። ይህን ስም አባቴ ፊደል እየቆጠረ ሲያነበው ሳቁ እስከ ዛሬ ይሰማኛል። «ራስ! እንደ ራስ መኮንን ራስ ነዋ!» አለ። ማዕረጉን ከፈረንጅ መጽሐፍ ውስጥ ማግኘቱ ደስ አሰኘው። የቀረውን ለማወቅ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸውን የመናዊ ሽማግሌ ጠየቅናቸው። ራስ በእነሱም ቋንቋ ራስ ነው፤ ጉል ደግሞ በበረሃ መንገደኛ የሚያሳስት ጋኔን። ሲያስረዱን ቆይተው ደስታ ከረሜላ ሰጡኝ፤ «ጋኔኑን እንዳትፈራ» ብለው። በዐረብኛ በዚህ ስም የሚጠራ ኮከብ መኖሩን ያወቅሁት አድጌ ነው። ያ ኮከብ በሦስት ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ይደበዝዝና መልሶ ይበራል፤ ምክንያቱ በዙሪያው የሚዞር፣ በዓይናችን ለይተን የማናየው ሌላ ኮከብ ፊቱን ስለሚጋርደው ነው። ለመርማሪ ታሪክ ከዚህ የበለጠ ስም አይገኝም።

አሁን ወደ በሩ ልመለስ።

የሽማግሌው አሽከር ግዙፍ ነው፤ ሥራውም አንድ ነገር ነው። ባለ ካባው ከጌታው ቀድሞ ሊያልፍ በሞከረ ቁጥር ደረቱን በክንዱ ይገታዋል። ሁልጊዜ የሚቀድመው ጌታው ነው። ካልካታ ሲደርሱ ግን አሽከሩ በአንድ በር ላይ ዝም ብሎ ይቆማል፤ ባለ ካባው ይገባል፤ ከውስጥ የሚጠብቀው ነብር ነው። መርማሪው ኋላ ምሥጢሩን ሲፈታ ከጠቀሳቸው ማስረጃዎች ዋናው ይህ ነው። አሽከሩ ያን ጊዜ ብቻ እንግዳውን ያስቀደመው ውስጥ ያለውን ስለሚያውቅ ነው።

አባቴ ይህን ነገር ያየው መርማሪው ከመናገሩ ብዙ ገጽ አስቀድሞ ነበር። ጣቱን በሩ ላይ አሳረፈና «እየው» አለኝ፣ «ይህ አሽከር ማንንም አያስቀድምም ነበር። ዛሬ እንግዳውን አስቀደመው። ለምን ይመስልሃል?»

አላውቅም አልኩ።

«አክብሮ አይደለም» አለ አባቴ። «ሁልጊዜ የሚቀድምህ ሰው አንድ ቀን ቅደም ካለህ፣ ወይ ከፊትህ ነብር አለ፣ ወይ እሱ ደክሞታል።»

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ይህ ነገር እንዴት እንደገረመኝ ይረዳኛል። የእኛ ከተማ «አንቱ» የማታውቅ ከተማ ናት ይባላል፤ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም «አንተ» ብለን፣ በር ላይ ሳንገፈታተር፣ ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ ይገባል። አባቴ ግን ሠላሳ ዓመት ድሬ ኖሮ ቡልጋን አልለቀቀም። በር ላይ ከእንግዳ ጋር «ይቅደሙ»፣ «የለም እርስዎ ይቅደሙ» እያለ የሚሟገት፣ በቤተሰቡ መካከል ግን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚገባ ሰው ነበር። ለእሱ በር ቋንቋ ነበረው። አንድ አሜሪካዊ ደራሲ በበር ላይ የደበቀውን ምሥጢር ከቡልጋ የመጣ የባቡር ሠራተኛ ያለ ትርጉም አነበበው።

እንዲህ አራት ዓመት አነበብነው፤ ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም። በእያንዳንዱ ንባብ ታሪኩ ጥቂት ይለወጣል። አንድ ቀን አሽከሩ ይጸጸታል፤ ሌላ ቀን ነብሩ ሴት ነብር ትሆንና ግልገሎች ይኖሯታል። በረዷማው ተራራ ግን ምንጊዜም አንድ ነው፦ ራስ ዳሽን። «ራስ ወደ ራስ ወጣ» ይልና በራሱ ጨዋታ ይስቃል። እኔም ባለ ካባው ስሜን ተራሮችን እንደወጣ አምኜ አደግሁ።

አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ፈረንሳይኛ መማር ጀመርኩ። በጥቂት ወራት ውስጥ የቃላት ፊኛዎቹ አንድ በአንድ ይከፈቱልኝ ጀመር፤ እኔም ደነገጥኩ። መጽሐፉ የሚለውና አባቴ የሚለው አንድ አይደሉም። ጥቂት ቀን ዝም አልኩ። ዝምታዬ ግን የአክብሮት ሳይሆን ጥይት የሚያጎርስ ሰው ዝምታ ነበር፤ ይህን አሁን መናገር አለብኝ።

አንድ እሑድ ሁለት የሥራ ጓደኞቹ ቤታችን መጡ። ቡና ተፈላ። ከእንግዶቹ አንዱ መጽሐፉን አየና ምን እንደሆነ ጠየቀ፤ አባቴም በኩራት ይተርክ ጀመር። ተራራው ላይ ሲደርስ «ራስ ዳሽን» አለ።

«ራስ ዳሽን አይደለም» አልኩ። «ሂማላያ ነው የሚለው።» እዚህ ላይ ባቆም ደግ ነበር። ልጅ ያወቀውን ይናገራል፤ ማንም አይፈርድበትም። እኔ ግን ቀጠልኩ። «አባባ እኮ ፈረንሳይኛ ማንበብ አይችልም። ከልቡ ነው የሚያወራው።»

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻል ነበር። እናቴ ስኒውን አስቀመጠች። አባቴ መጽሐፉን ዘጋ፤ አቧራ እንዳለበት ሁሉ በእጁ መዳፍ ጠረገውና ለእኔ ዘረጋልኝ። «እንግዲህ ደርሰሃል» አለ። «ራስህ አንብበው።» ቁጣ አልነበረበትም። ያንን ድምፅ ስሙን ለማወቅ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። ከላይ ምንም የማይታይበት፣ ሲመቱት ግን የታፈነ ድምፅ የሚሰጥ ብረት ነበር።

እንግዶቹን ልንሸኝ ስንወጣ አባቴ በሩ ላይ ቆመ። እኔም እንደ ወትሮው ከኋላው ቆምኩ። ዞር ብሎ አየኝና በእጁ መንገዱን አሳየኝ። «ቅደም» አለኝ።

ቀደምኩ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ያሸነፍኩ መስሎኝ ቀደምኩ።

ከዚያ በኋላ አንብቦልኝ አያውቅም። አብረን ሬዲዮ ሰምተናል፤ ማሞ ውድነህ የተረጎሟቸውን የስለላ መጻሕፍት እየተቀባበልን አንብበናል፤ ስለ ሁሉም ነገር አውርተናል። ያቺን መጽሐፍ ግን ሁለታችንም አልጠራናትም። ሲሞት በሣጥኑ ውስጥ፣ ከጡረታ ደብተሩና ከዳዊቱ ጋር አገኘኋት። እኔ ጥያት ከሄድኩበት ቦታ አንሥቶ ያስቀመጣት እሱ ነበር።

አሁን ደግሞ፣ የዚያን ሌሊት ሳነባት ምን አገኘሁ? አንባቢ ሆይ፣ በሐቅ ልናገር። ጽሑፉ አርጅቷል። በየክፈፉ አናት ላይ ያሉት የትረካ ሣጥኖች ቃል አይቆጥቡም። ሰውየው ሲወድቅ እያየነው «ወደቀ» ይሉናል፤ ሌሊቱ ጥቁር መሆኑን ሥዕሉ ነግሮን ሳለ እነሱ ደግመው ይምላሉ። ባለ ካባው የሚያስበውን ሁሉ በደመና ውስጥ ጽፎ ያስነብበናል፤ ብቻውን ሆኖ እንኳ ዝም አይልም። የዛሬዎቹ የዚህ ሙያ ሰዎች የሐሳብ ደመናውን ከሞላ ጎደል ትተውታል፤ አንድን ታሪክም ወራት በፈጁ እትሞች ያስረዝሙታል። ይህ ግን ከዋሻ ወደ ካልካታ፣ ከካልካታ ወደ በረዶው፣ በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ ተነሥቶ ያልቃል። ሩጫው ትንፋሽ ያሳጥራል። ደግሞም ምሥራቁን ሁሉ የምሥጢርና የጋኔን አገር ያደርገዋል። ዐረብኛ ለእኔ ከረሜላ የሰጡኝ ጎረቤታችን ቋንቋ ነው፤ ለክፉ ሰው ስም ሲፈለግ ወደዚያ መሄዳቸው አሁን ይከነክነኛል።

ሥዕሉ ግን አላረጀም። በዚያች ሌሊት አንድ ሙከራ አደረግሁ። ጽሑፉን በወረቀት ቁራጭ እየሸፈንኩ ሥዕሉን ብቻ ተከተልኩ። የአሽከሩ ክንድ፣ የሽማግሌው ቀጥ ያለ ትከሻ፣ በሩ፣ ጥላው… ሁሉም እዚያ አለ። ታሪኩ ምንም አልጎደለውም። ለመርማሪ ታሪክ ትልቁ ሕግ፣ መርማሪው የሚያየውን ሁሉ አንባቢውም እንዲያይ ማድረግ ነው፤ ማስረጃውን ደብቆ መጨረሻ ላይ ከኪስ ማውጣት ማጭበርበር ይሆናል። ኒል አዳምስ አላጭበረበረም። ሁሉንም ፊታችን ዘርግቶታል። እኔ ፈረንሳይኛውን ስፈታ ክንዱን አላየሁትም ነበር፤ ፊደል የማያውቀው ሰው ግን አየው።

ይህ ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር መሆን አልነበረበትም። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በአርባ አራት ክፈፎች ከፋፍለው በሸራ ላይ የሚሥሉ ሠዓሊዎች አሉን፤ ዓይን ከግራ ወደ ቀኝ እየሄደ፣ ከመስመር መስመር እየወረደ ያነበዋል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ጻድቁ ሁለት ዓይን ኖሮት ፊት ለፊት ሲሣል፣ ክፉው በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል፤ ማንበብ የማይችል ምእመን ማን ማን እንደሆነ ለይቶ ያውቃል። አባቴ ዳዊት የደገመው በእንደዚህ ያሉ ግድግዳዎች መካከል ነበር። ፈረንጁ ሠዓሊ ደጉንም ክፉውንም በጎንም በፊትም ስለሚሥል ያ ሕግ አልሠራለትም፤ ስለዚህ ሌላ ምልክት ፈለገ፤ በሩ ላይ አገኘው። ዛሬ በእኛው ልጆች እጅ፣ እንደ ብስራት ደበበ «ጀምበር»፣ በአማርኛም የሚነበቡ የልዕለ ጀግና ታሪኮች መውጣት ጀምረዋል፤ «ጀምበር» የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ሳያት ያሰብኩት አባቴን ነበር። ለእሱ ዘግይታለች።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሽማግሌው ለምን ያን ሁሉ እንዳደረገ መጽሐፉ የሚሰጠውን ምክንያት ቀደም ብዬ ተናግሬያለሁ፤ ሥራውን የሚረከብ አማች ፈልጎ ነው። ይህ የተጻፈው በመጨረሻዎቹ የቃላት ፊኛዎች ውስጥ ነው፤ አባቴ ሊያነባቸው በማይችላቸው። የእሱን ትረካ ስመረምር ግን እንዲህ ይል እንደነበር ትዝ አለኝ፦ «ራስ አርጅቷል። ዕድሜ ልኩን ሲቀድም ኖሯል። አሁን የሚያስቀድመው ሰው ይፈልጋል፤ ግን ቅደም ከማለቱ በፊት የሚቀድመው ሰው ነብሩን ይችል እንደሆነ ማወቅ አለበት።» ይህን ከየት አመጣው? ከሽማግሌው ትከሻ ነው? ከራሱ ነው? እኔ በዚያ እሑድ ሂማላያን በትክክል አነበብኩ፤ አባቴ የተሳሳተው በተራራው ስም ብቻ ነበር።

የድሮው ባቡር ወደ አዲስ አበባ መሄዱን ካቆመ ቆይቷል። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር ከከተማው ውጭ ካለው ጣቢያ መጥቶ ይሄዳል። ብረቱን በመዶሻ እየመታ የሚያዳምጠው ሰው አለ ወይስ በመሣሪያ ተተክቷል፣ ጠይቄ አላውቅም።

የልጅ ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ አጠገቤ ተቀምጣ መጽሐፉን ገለጠች፤ ጽሑፉን አልፋ ሥዕሉን ስትከተል ቆየችና በረዶው ላይ ቆመች።

«ይህ ተራራ የት ነው?» አለችኝ።

«ራስ ዳሽን ነው» አልኳት።

ዓይኗን ከበረዶው ሳታነሣ ራሷን ነቀነቀችና ገጹን ገለጠች። ፈረንሳይኛ ገና አልጀመረችም።